በቅሎዋን ተዉልኝ

ጡረታ ወጣሁ እንጂ ዕረፍት አላገኘሁም። ድሮ የሚያናድደኝ አንድ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን ተረክቧል። ወጣቱ በሁለት ነገር ይነዘንዘኛል፤ ግቢዬ ውስጥ በቆመችው ላዳና ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ባስተማርኩት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። የጎረቤቴ ልጅ ይመጣና ጎማዋን በእግሩ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ "ጋሼ፣ ይቺ መኪና ግን የጣልያን ናት የራሽያ?" ይለኛል። (ጎማ በእግሩ የሚመታ ሰው ስለ መኪና አያውቅም፤ ይህን ያዙልኝ።) እህቱ ደግሞ ስልኳን ይዛ ትመጣና፣ "ጋሼ፣ ቤንዚን ላይ ድርብ ቦንዱ የቱ ጋ ነው ያለው?" ትለኛለች። ወንድሟ ነዳጅ መስሎት ወደ መኪናዋ ዞር ይላል።

ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ተበላሽቷል። ይህን ስላቸው ግን መልስ አድርገው አይቆጥሩልኝም። የዛሬ ልጅ ወይ ይሄ ወይ ያ ካልተባለ አይጠግብም። ፈተናው ምርጫ፣ ስልኩ ምርጫ፣ ምሳው ምርጫ። እኛን ባዶ ወረቀት ሰጥተው "አስረዳ" ነበር የሚሉን።

እስቲ ከቤንዚኑ ልጀምር፤ ከኬሚስትሪው ማለቴ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ የፈረንጅ ጉድ በፈረንጅ ቢቆጠር ይሻላል። ማይክል ፋራዳይ በ1825 ለንደን ውስጥ ከመብራት ጋዝ ቅባታም ዝቃጭ ለይቶ አወጣው። ስድስት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን። ሊቃውንቱ ይህ ነገር እንዴት እንደተያያዘ ግራ ገብቷቸው ሲንገላቱ ቆዩና በ1865 ጀርመናዊው ኬኩሌ ካርቦኖቹን በቀለበት አስቀመጣቸው፤ አንድ ነጠላ፣ አንድ ድርብ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ድርብ እያለ። ኋላ በ1890 ለክብሩ በተዘጋጀ ድግስ ላይ፣ ጅራቱን የነከሰ እባብ በሰመመን አይቼ ነው አለ። እኔ ሳንቀላፋ የሚመጣብኝ የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው።

ችግሩ ቀለበቱ በሁለት መልክ መሣሉ ነው። ድርቦቹን አንዳንድ እርምጃ ብታዞራቸው ሌላ ሥዕል ይወጣል። እውነተኛው የትኛው ነው? ኬኩሌ ራሱ በ1872 ቦንዶቹ ቦታ እየተለዋወጡ ይመላለሳሉ ወደሚል ሐሳብ ሄደ። የጎረቤቴም ልጅ የምትለኝ ይህንኑ ነው፤ "በጣም ፈጥኖ ነው የሚገለባበጠው፣ አይደል ጋሼ?" ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የተባለውን ለመድገም ያ ሁሉ የኢንተርኔት ካርድ ምን አስፈለገ?

አይገለባበጥም! ተለክቷል እኮ። ነጠላ የካርቦን ቦንድ 0.154 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ድርቡ 0.134። የቤንዚኑ ስድስቱም 0.139 ናቸው። ረጅም የለ፣ አጭር የለ። ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ጥንድ ካርቦን መሀል አልታሰሩም፤ በቀለበቱ ዙሪያ ሙሉ ተዘርግተዋል። ሁለቱ ሥዕሎች የእስክርቢቶአችን ድካም ናቸው እንጂ ቤንዚን አንዱንም ሆኖ አያውቅም፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። ይህም መዘርጋት ያረጋጋዋል። አንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ያለውን የስድስት ካርቦን ቀለበት ሃይድሮጅን ብታጠግበው በሞል 120 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይሰጥሃል። ሦስት ድርብ ቢኖር 360 በጠበቅን ነበር፤ ቤንዚን የሚሰጠው ግን 208 ብቻ ነው። የቀረው 150 ኪሎጁል ገደማ ከመጀመሪያውም አልነበረውም፤ ረግቶ የተቀመጠ ነገር የሚለቀው ትርፍ የለውም። እንዲህ ያለ እርጋታ ለእኔም ቢሰጠኝ!

ደሜን የሚያፈላው ግን ቀስቱ ነው። ሁለቱን ሥዕሎች የምታገናኘው ቀስት አንዲት ናት፤ ግራና ቀኝ ጫፍ ያላት አንዲት ቀስት። ተማሪው ግን ሁልጊዜ ሁለት ቀስት ይሥላል፤ አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ። ያ እኮ የሌላ ነገር ምልክት ነው! ያ ሁለት እውነተኛ ነገሮች እርስ በርስ እየተቀያየሩ ሚዛን ላይ ሲደርሱ ነው። በሬዞናንስ ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው። አንድ! በቀይ እስክርቢቶ ስሰርዝ ኖሬ ጣቴ ጎበጠ፤ ዛሬም ልጅቷ ደብተሯን ስትገልጠው ሁለቱ ቀስቶች እዚያው ተጋድመው አገኛቸዋለሁ።

አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላንድ፣ በ1944 ስለ ሬዞናንስ መጽሐፍ ያሳተመው ሰው፣ ነገሩን በበቅሎ አስረድቶታል። በቅሎ የፈረስና የአህያ ድቅል ናት፤ ነገር ግን ሰኞ ፈረስ ማክሰኞ አህያ አትሆንም። ከአሥር በቅሎ አምስቱ ፈረስ አምስቱ አህያ ነው ማለትም አይደለም። እያንዳንዷ ሁልጊዜ በቅሎ ናት፣ አለቀ። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ከወንበሬ ነው የተነሣሁት። "በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ" እያለ ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣለታል? ለልጅቷ በደስታ ነገርኳት። "ጋሼ፣ በቅሎ በአካል አይቼ አላውቅም" አለችኝ። ጉድ እኮ ነው። ጆን ሮበርትስ የሚባለው ሌላው አሜሪካዊ ደግሞ አውራሪስን መረጠ፤ አውራሪስ ያየ መንገደኛ አገሩ ተመልሶ "በዘንዶና በባለ አንድ ቀንድ ፈረስ መካከል ያለ እንስሳ" ቢል፣ ሁለቱም የሌሉ ናቸው፣ አውራሪሱ ግን አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ከበቅሎዋ ይልቅ ትክክል ነው፤ የበቅሎ ወላጆች በሕይወት አሉ፣ የኬኩሌ ሥዕሎች ግን ኖረው አያውቁም። ቢሆንም አውራሪስ ጭኖ ገበያ የሄደ ዘመድ የለኝም፤ በበቅሎዬ እጸናለሁ።

አሁን ወደ ላዳዋ ልምጣ፤ አልተለያየንም። ሬዞናንስን በ1930ዎቹ ያበለጸገው ሊነስ ፖሊንግ ነው። በ1951 የሶቪየት ሊቃውንት ሞስኮ ላይ ተሰብስበው ይህን ሐሳብ አወገዙት። በእውን በሌሉ ሥዕሎች እውነትን ያስረዳል፣ ስለዚህ ሐሳባዊነት ነው፣ ከማርክሳዊ ፍልስፍና ጋር አይሄድም አሉ። ሲርኪንና ዲያትኪና የተባሉ የራሳቸው ኬሚስቶች ይህን በማስተማራቸው በአደባባይ ተዘለፉ። ፖሊንግ ሞስኮ ላይ የቡርዥዋ ተብሎ ሲወገዝ፣ በ1952 የገዛ አገሩ አሜሪካ በኮሚኒስትነት ጠርጥሮ ፓስፖርት ከለከለው። ወይ ይሄ ወይ ያ ባዮች በዓለም ሁሉ እንዳሉ እዩልኝ። ሰውየው በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ፤ ቆይተው ደግሞ ያው ሶቪየቶች የሌኒንን የሰላም ሽልማት ሰጡት።

በወረቀት ላይ ድቅልን ያወገዘው ያው መንግሥት በ1966 ከጣልያኑ ፊያት ጋር ተዋውሎ በብረት ድቅል ሠራ። ፋብሪካውን ያቆሙት በቮልጋ ዳር፣ በጣልያኑ የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው በቶሊያቲ ከተማ ነው። የላዳ መነሻዋ ፊያት 124 ነበረች፤ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው። ሶቪየቶቹ መንገዳቸው ላይ ሲነዷት ግን ለጥርጊያና ለጭቃ የተፈጠረች አልሆነችም። ስለዚህ ብረቷን አወፈሩት፣ ሆዷን ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን አውጥተው ከበሮ ፍሬን አስገቡ፣ ሞተሯን ካምሻፍቱ ከላይ የተቀመጠ አዲስ ሞተር አደረጉት። በጠቅላላው ከ800 በላይ ለውጥ ተደርጎባታል ይባላል። በሚያዝያ 1970 2101 የተባሉት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። ከዚያ ተከታታዩ መጣ፤ በ1972 ባለ አራት ዓይኗ 2103፣ ቀጥሎ 2106፣ መብራቷ አራት ማዕዘን የሆነው 2105፣ በ1982 ደግሞ ፊቷን በሚያብረቀርቅ ብረት ያስጌጠችው 2107። ዘር ማንዘሯ ራሽያ ውስጥ እስከ 2012 ተመረተ።

በደርግ ጊዜ ወደ እኛ ጎረፉ። አዲስ አበባን በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት ያገላበጧት እነሱ ናቸው፤ ሙሽራ ወስደዋል፣ ምጥ የያዛት አድርሰዋል፣ በግና ፍራሽ በጣሪያ ጭነዋል። እንግዲህ ይቺን መኪና ነው "ኮፒ ናት" የሚሉብኝ! ከወገቧ በላይ ጣልያን፣ ከወገቧ በታች ራሽያ አይደለችም። ጠዋት ጣልያን ማታ ራሽያም አትሆንም። ላዳ ናት።

ኮፒ የሚላት ልጅ እስቲ ያስነሣት። አንድ ቀን ቁልፉን ሰጠሁት። ገብቶ ተቀመጠና ከመሪው በስተቀኝ የቁልፉን ቀዳዳ ሲዳብስ፣ ሲዳብስ ቆየ፤ ራዲዮኑን ሊወጋው ምንም አልቀረው። ቀዳዳው በግራ ነው፤ እንደ እኔዋ ባለች ላዳ ላይ ሁልጊዜም በግራ ነው። ካገኘው በኋላ ደግሞ በኅዳር ብርድ ቾክ ሳይስብ ረግጦ ረግጦ ሞተሯን በነዳጅ አሰጠመው። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አደረቅሁ። ባትሪው እስከዚያ ደክሞ ስለነበር በፊት መከላከያዋ መሀል ባለችው ቀዳዳ ብረቱን ሰድጄ በእጄ አዙሬ አስነሣኋት። ልጁ በስልኩ ቀረጸኝ። የሚያግዝ እጅ የለም፤ የሚቀርጽ እጅ ሞልቷል።

እህቱስ ብትሆን! የሬዞናንስ ውጤት የሚታየው ሙከራ ላይ ነው። ድሮ ሁለት ቱቦ እናቆም ነበር፤ በአንዱ ቤንዚን፣ በአንዱ ፌኖል በውሃ። ብርቱካናማውን የብሮሚን ውሃ ጠብ ስታደርግ ቤንዚኑ ግድም አይሰጠው፤ የብረት ማነቃቂያ ካልጨመሩለት ከብሮሚን ጋር አይሠራም። ፌኖሉ ላይ ግን ቀለሙ ወዲያው ይጠፋና ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ለምን? በፌኖል ቀለበት ላይ የተንጠለጠለው ኦክሲጅን ለራሱ ከያዛቸው ኤሌክትሮኖች አንዱን ጥንድ ለቀለበቱ ያካፍላል፤ ኦርቶና ፓራ የሚባሉት ሦስት ቦታዎች ይበለጽጋሉ፣ ሦስቱም ላይ ብሮሚን ይገባል። ናይትሮ የሚባለው ቡድን ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ከቀለበቱ ይነጥቃል፣ ይበልጡን የሚያራቁተው ኦርቶና ፓራን ስለሆነ አዲስ መጪው በመካከላቸው ባለው ሜታ በሚባለው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ክሎሪን ከሁሉም የባሰ ተንኮለኛ ነው፤ በአንድ እጁ ይነጥቃል፣ በሌላው ይሰጣል። ቀለበቱን ያዘገየዋል፣ እንግዳውን ግን ኦርቶና ፓራ ይመራዋል። እሱንም "ሰጪ ነው ነጣቂ?" ብለው ይጠይቁኛል። ሁለቱም! ፌኖል አሲድነቱ ከአልኮል በሚሊዮን እጥፍ የሚበልጠውም በዚሁ ነው፤ ሃይድሮጅኑን ሲለቅ የሚቀረው ኔጋቲቭ ሙል ኦክሲጅኑ ላይ ብቻ አይከመርም፣ ወደ ቀለበቱ ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ዛሬ ልጆቹ በቪዲዮ ያዩታል። ቪዲዮው አይሸትም! የብሮሚን ሽታ አፍንጫው ውስጥ ያልገባ ሰው ፌኖልን በምን ያስታውሰዋል?

ባለቤቴ፣ "ይህ ሬዞናንስህ ለወጥ አይሆን" ትለኛለች። የምታሰጣው በርበሬ ቅላቱ ከምን እንደሆነ ግን አትሰማኝም። ነጠላና ድርብ ቦንድ ተፈራርቀው በረጅሙ በተሰለፉበት ሰንሰለት ላይ ኤሌክትሮኖች ሲዘረጉ ሞለኪዩሉ ከብርሃን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጣል፤ ለዓይናችን ቀዩ ይተርፋል። ፀሐይ ሲበዛበት ሰንሰለቱ ይበጠስና በርበሬው ይገረጣል። "ስለዚህ ጥላ ውስጥ አስጪው" ስላት "እናቴም ያለ ኬሚስትሪ እንዲሁ ነው ያለችኝ" አለችኝ። በዚህ ዝም አልኩ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል፤ ሰፈሩ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላ። ከኋላህ ሲመጣ አይሰማም፤ ድንገት ክላክስ ያደርግና ልብህን ያወርደዋል። የላዳዬን ድምፅ ግን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ባለቤቴ ቡናውን የምታቀርበው ማርሜታዋን ስትሰማ ነው። ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ብወርድ አንዱ ወጣት ሻጭ "አባባ፣ ለሷ ከሚለፉ ይሽጧትና ይገላገሉ" ብሎ መከረኝ። ለምክሩ አላስከፈለኝም፤ ደግ ልጅ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ቀስቷን አንድ አድርጋችሁ ሣሉልኝ፤ ሌላ የጠየቅኋችሁ ነገር የለም። ከአንባቢ መካከልም ለ2101 የሚሆን ክብ የፊት መብራት ያለው ሰው ካለ ይምጣ፤ ዋጋውን እከፍላለሁ፣ ቡናም አለ። የ2107ቱን አራት ማዕዘን ይዞ "ያው ላዳ ነው እኮ ጋሼ" ሊለኝ የሚመጣ ግን በሩ ላይ ውሻ እንዳለ ይወቀው።