በጭንቅ ቀን መታመንን ማጥፊያ መንገዶች

ነገ ምን እንደሚሆን በማይታወቅበት ጊዜ በእግዚአብሔር እንድንታመን የሚያስተምር ስብከት ሞልቷል። መታመን እንዴት እንደሚጠፋ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም። ስለዚህ እኔ ምክሩን ገልብጬ ልጽፈው ነው። ከዚህ በታች አድርጉ የምላችሁን ሁሉ የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጾም የማይሽሩ፣ ጸሎት የማያስታጉሉ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ቀን ቁረጡለት። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ፣ ቪዛው እስኪመታ፣ ልጅ እስኪፀነስ መጠበቅ ስለሚከብድ «እስከ ፋሲካ ካልሆነ በቃ» በሉ። ቀኑ ሲያልፍ የገዛ መንገዳችሁን ጀምሩ፤ መንገዱም መንፈሳዊ ቢመስል ይመረጣል። ንጉሡ ሳኦል በጌልገላ ነቢዩን ሳሙኤልን ሰባት ቀን ጠብቋል። ሳሙኤል ቀረ፣ ፍልስጥኤማውያን ማክማስ ላይ ሰፍረዋል፣ ሠራዊቱም እየተበተነ ነው። መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበና ገና ከመጨረሱ ሳሙኤል ደረሰ። ሳኦል በዚያች ሰዓት ለጣዖት አልሰገደም፤ ያደረገው መሥዋዕት ማቅረብ ነው። መታመን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ በአምልኮ መካከል ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።

የቸኮለ ሰው ዕዳውን ብቻውን አይከፍልም። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100። በመካከል ባለው 25 ዓመት ውስጥ እሱና ሣራ አቋራጭ ፈለጉ፤ የሣራ አገልጋይ አጋርም ገና በ86 ዓመቱ እስማኤልን ወለደችለት። በኋላ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ የአቁማዳው ውኃ አልቆባት ልጇን ቁጥቋጦ ሥር ጥላ ራቅ ብላ የተቀመጠችው ግን አጋር ናት። እግዚአብሔር ሰማቸው። ቢሰማቸውም፣ እዚያ በረሃ የጣላቸው የሌላ ሰው አለመታገሥ ነው። በየቤቱም እንዲሁ ነው፤ አባት ለእግዚአብሔር በቆረጠው ቀን ምክንያት የሚንገላቱ ልጆችን አይቻለሁ።

ቀጥሎ ጥቅስ ምረጡ። ኤርምያስ 29፥11ን በሚያምር ፊደል አሳትማችሁ ሳሎን ስቀሉት። ስለ ሰላምና ስለ ተስፋ የሚናገር፣ እውነትም የሚያጽናና ቃል ነው። ቁጥር 10ን ግን እንዳታነቡ፤ ሰባ ዓመት የሚል አለበት። ነቢዩ ያንን ደብዳቤ የላከው ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ጎልማሳ ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው የመመለሻውን ቀን በሕይወት ቆይተው ሊያዩት አይችሉም። ለእነሱ የተጻፈላቸው ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ስለማረከቻቸው ከተማም ሰላም እንዲጸልዩ ነው። ይህ ሁሉ በዚያው ደብዳቤ ውስጥ፣ ከተሰቀለው ጥቅስ በላይ አለ።

እናንተ ግን አትትከሉ። ልመናችሁ መልስ እስኪያገኝ ኑሮን አቁሙ። ቨርጂኒያ ሆናችሁ የጥገኝነት ቀጠሮ የምትጠብቁ ከሆነ ሻንጣችሁን አትፍቱ፣ ቋንቋ አትማሩ፣ ጎረቤት አትተዋወቁ። አዲስ አበባ ሆናችሁ ዲቪ የሞላችሁ ከሆነ የጀመራችሁትን ትምህርት አቋርጡ፤ «ወጪ ነኝ» በሉ። እንዲህ የሚኖር ሰው በእግዚአብሔር እየታመነ እንደሆነ ይሰማዋል። የታመነው ግን በወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ የቀረ ቀን እግዚአብሔርም አብሮ የቀረ ይመስለዋል።

ሰባ ዓመቱ ከረዘመባችሁ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለላችሁ። ታሪኩ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ይገኛል። በኤርምያስ ዘመን፣ በእግዚአብሔር ቤት፣ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል አለ። ሕዝቡ የትኛውን መስማት እንደሚወድ መገመት አያቅትም። ዛሬም ሁለት ዓመት፣ ሲያሻውም ሁለት ሳምንት የሚል ሰው ፈልጉ። ስማችሁን ሳትነግሩት ይጥራችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ ይንገራችሁ፤ ከዚያ ዘር ዝሩ ሲላችሁ የቤት ኪራዩን አውጥታችሁ ስጡ። ይህ ለአንዱ ቤተ እምነት ብቻ የተጻፈ አይደለም። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ማክሰኞ ማታ አዋቂ ቤት በጓሮ በር የሚገባውም ያንኑ ነገር ነው የሚገዛው። ነቢዩም አዋቂውም የሚሸጡት አንድ ዕቃ ነው፤ ነገን ማወቅ።

ስለትንም ወደ ውል ለውጡት። ቁልቢ ድረስ በእግሩ የሚሄደውን፣ ጃንጥላና ሻማ ተሸክሞ ስለቱን የሚያስገባውን ምእመን አልነቅፍም፤ የብዙዎች ምስጋና እውነተኛ ነው። የምነቅፈው «ይህን ከሰጠኸኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ብሎ መደራደሩን ነው። ሐናም ስለት ተስላለች። ግን ታሪኳን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በሴሎ ምርር ብላ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ልቧን አፍስሳ ስትጨርስ እሱም በሰላም ሂጂ ብሎ ባረካት፤ ሄደች፣ እህል ቀመሰች፣ ፊቷም ተመለሰ። ያን ጊዜ ሳሙኤል አልተፀነሰም። በእጇ የገባ አንድም ነገር ሳይኖር በላች። መታመን ምን እንደሚመስል ጠይቃችሁ የማታውቁ ከሆነ ይችን ሴት ተመልከቷት፤ ለማጥፋት ከፈለጋችሁ ደግሞ ውጤቱ ሳይታወቅ እህል እንዳትቀምሱ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ሰው ሞቶበታልና።

የታመማችሁ እንደሆነ ኪኒኑን ጣሉት፤ መዋጡን እንደ ክህደት ቁጠሩት። የስኳር መርፌውን አቁሙ፣ የደም ግፊቱን አቁሙ፤ መድረክ ላይ ወጥታችሁም ተፈውሻለሁ ብላችሁ መስክሩ፤ ምርመራ እንዳትደግሙ። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እንጦጦ ማርያም ጸበል የወረደ ሕመምተኛ ሌላ ምርጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ግን ብዙ ሰው «ጸበሉ ወይስ ኪኒኑ» የሚል ጥያቄ ውስጥ ገባ፤ ኪኒኑን መውሰድ ጸበሉን መካድ መሰለው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያንን ከማለታቸው በፊትም በኋላም መድኃኒቱን አቋርጠው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ይህ መድኃኒት ደግሞ ተቋርጦ ሲጀመር ቫይረሱ ሊለማመደው ይችላል፤ ቀድሞ ያድን የነበረው ኋላ አልሠራ ሊል ይችላል።

ይህን ስሕተት አጥብቆ ለመያዝ ከመጽሐፍ ብዙ መዝለል ያስፈልጋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ዝለሉ፤ ባለመድኃኒቱን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚል ነገር አለበት። ሕዝቅያስንም ዝለሉት። እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ እፈውስሃለሁ፣ በዕድሜህም 15 ዓመት እጨምርልሃለሁ ካለው በኋላ፣ ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋው ቀድሞ ተነግሯል፤ በለሱም ቀጥሎ ተለጥፏል። ጳውሎስም በእጁ ድውያን የተፈወሱለት ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ ጽፎለታል። ጢሞቴዎስን እምነት ጎደለህ አላለውም።

በሽተኛ ስትጠይቁ ደግሞ አታስተንፍሱት። አንዲት እናት ሆስፒታል ተኝታለች እንበል። ጡቷ ላይ ከተገኘው እብጠት ናሙና ተወስዷል፤ ውጤቱ አልመጣም። አልጋው ሥር አስታማሚ እህቷ ፍራሽ ዘርግታለች፤ ኮመዲኖው ላይ የአጥሚት ፔርሙዝና የተላጠ ብርቱካን አለ። አምስት ሆናችሁ ግቡና ክበቧት። ድምፅዋን ቀንሳ «ፈራሁ» ስትል ቶሎ አፏን ያዙ፤ «በአፍሽ አትጥሪው! ጌታ ጨርሶታል፣ አሜን በይ!» በሏት። አሜን ትላለች። ትስቃለችም። የፈራችውን ነገር ግን ሌሊት የደም ግፊቷን ሊለካ ለሚመጣው ተረኛ ነርስ ትነግረዋለች እንጂ ለእህቷ አትነግራትም፤ ለእናንተማ ከእንግዲህ አትነግርም። እግዚአብሔርም ፊት ስትቆም ያንኑ ሣቅ ይዛ ትቆማለች፤ ፍርሃቷ ኃጢአት ነው ብላችኋታላ።

ዳዊት ፍርሃቱን አልደበቀም። እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ የሚጮኽ መዝሙር በምንደግመው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በመዝሙር 87 (በሌላው አቆጣጠር 88) ደግሞ ጸሎቱ ከነጨለማው ያልቃል፤ መጨረሻ ላይ ብርሃን እንኳ አልተጨመረበትም። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። የኢዮብ ወዳጆች ደግሞ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያን ሁሉ ቀን መልካም ወዳጆች ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

ምክንያት ማግኘትን ካነሳን አይቀር፣ ውጤቱ ክፉ ሆኖ ሲመጣ ጥፋተኛ ፈልጉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሳምንት ስንት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደዋለ አስቡት። ያ ልጅ ጾሟል፣ እናቱ ሱባኤ ገብታለች፣ ፓስተሩ ወይም የንስሐ አባቱ ጸልየውለታል። እናንተ ገብታችሁ «አምነህ ስላልጸለይክ ነው» በሉት። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ከእንግዲህ በትምህርቱ ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊትም እንደወደቀ ያስባል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ያንን መልስ ለዚያ ልጅ ብንነግረው ኖሮ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና ብሎ ያየን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ልቅሶ ቤትም «ለበጎ ነው» ለማለት አንደኛ ሁኑ። በጎው ምን እንደሆነ ባሏ ለሞተባት የሦስት ልጆች እናት አስረዱ። በጎነቱን እሷ ራሷ ከዓመታት በኋላ፣ በራሷ አንደበት ልትመሰክር ትችል ይሆናል፤ ያኔ ቃሉ የእሷ ነው። ዛሬ በሬሳ ፊት ከእናንተ አፍ ሲወጣ ግን እግዚአብሔርን ባሏን የወሰደ ሰው አድርጎ ነው የሚያቆምባት።

በመጨረሻም ከዚያች ሆስፒታል ከተኛች እናት ዘንድ ከመውጣታችሁ በፊት «ምን ላግዝሽ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ጸልዩላትና ውጡ። ከጠየቃችሁ ግን ትንሹ ልጇ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እንደሚወጣና የሚያመጣው እንደሌለ ትነግራችኋለች፤ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ በር ላይ መቆም የእናንተ ይሆናል።