ሰማያዊ የሌለው ዱንጉዛ

አርባ ምንጭ አዲስ መነጽር የሚሞከርባት ከተማ አይደለችም። ሸቻ ሰፈር ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ደለል ያቀላው አባያና ሰማያዊው ጫሞ የእግዜር ድልድይ የተባለውን ኮረብታ በመካከል አድርገው ተኝተዋል። ገበያው ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቅበት ዱንጉዛ የተባለው የሸማኔ ጨርቅ ነው። እኔ ግን ቀጭን፣ ቀላል፣ ቢወድቅ የማይሰበር የተባለልኝን የፖሊካርቦኔት መነጽር ሰክቼ ሲቀላ ሰፈር ከባጃጅ ወረድኩ።

ፊት ለፊት ሳይ ደኅና ነው። ወደ ጎን ስገላምጥ ግን የታፔላው ፊደል ሁሉ ባንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጥለት አውጥቷል። ሸማኔ ሳይነካው! ዱንጉዛ ልገዛ ገብቼም የጥቁሩ ጠርዝ ላይ አፈጠጥኩ።

«ይሄ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

ሻጩ ጨርቁን ወደ ብርሃን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ሰማያዊ የለውም» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚመለከተው ጨርቁን ሳይሆን እኔን ነበር።

ለአንዲት የዓይን ባለሙያ አቤት አልኩ። ቀይና አረንጓዴ ሰሌዳ አበራችልኝ።

«ጋሼ፣ ፊደሉ የሚጎላልዎት በየትኛው ላይ ነው?»

«እኩል ነው።»

«እንግዲያው ልኩ አልተሳሳተም፤ ቀለም የሚበትነው ሌንሱ ነው።» የአቤ ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ፤ ሲያንስ ቀለሙ ይበልጥ ይበተናል። ለተለመደው የፕላስቲክ ሌንስ 58፣ ለፖሊካርቦኔት 30 ገደማ ነው። «የእርስዎም ዓይን ቢሆን ይበትናል። ይህ ሰሌዳ የሚሠራው በዚያ ጉድለት ነው።»

ለካ ሰማያዊ ብርሃን ከሬቲናው ፊት፣ ቀዩ ከኋላው ነው የሚያርፈው፤ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ልዩነቱ በሌንስ ኃይል መለኪያ 2 ዳዮፕተር ያህል ይሆናል። እኔን ለሩቅ መነጽር ያስደረገኝ ከዚህ ያነሰ ነው!

«ታዲያ እሱንም አርሚልኛ!»

ሳቀች። ዓይን ዘዴኛ ነው፦ ይበልጥ የሚነቃው ለቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ የሬቲናው ማዕከል ሰማያዊውን የሚያጣራ ቢጫ ቀለም አለው፤ እምብርቱ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የሚለይ ሕዋስ የለም። ስለዚህ የቀለሙን መዛነፍ ብቻ የሚያርም ሌንስ ተሠርቶ ቢሞከርም የሰው እይታ እምብዛም አልተሻሻለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ዩንና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች የዓይኑን ሌሎች መዛነፎች ጨምረው ሲያርሙ ነው ጥራቱ ጎልቶ የታየው፤ እሱም በላቦራቶሪ መሣሪያ እንጂ አፍንጫ ላይ በሚሰካ ነገር አይደለም።

ፖሊካርቦኔት ለሚሯሯጥ ሕፃንና ለብረት በያጅ ይሁን። የመነጽር ቁጥራችሁ ከፍ ያለ፣ ጥለት መምረጥም የምትወዱ ግን ከፍሬሙ ውበት በፊት «ሌንሱ ከምንድን ነው የተሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ።