አርማችን ይታይ

አሳታሚያችን የራሱ የንባብ መተግበሪያ እንዲኖረው ቆርጧል። ስብሰባው ከረፋድ እስከ ምሳ የፈጀው አርማው ላይ ያለችው ብዕር ወደ ቀኝ ትዘንበል ወይስ ወደ ግራ በሚለው ነው። «‹ሠላም› ብሎ የፈለገ አንባቢ ‹ሰላም›ን ያገኛል?» ያለችው አርታኢ «ዝርዝር ውስጥ አንግባ» ተባለች። ድርጅቱ ቢዘጋ የተገዛው መጽሐፍ የት ይገባል የሚለውም ዝርዝር ነው። (አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 የኦርዌልን «1984» ከገዢዎች የኪንድል ማንበቢያ ላይ ሲያጠፋ ገንዘባቸውን መልሷል፤ ለእኛ ይህም ቅንጦት ነው።) አፕልና ጉግል ከሽያጩ እስከ 30 በመቶ እንደሚቆርጡ ሲነገር ሥራ አስኪያጁ አልደነገጡም፤ ደራሲው ምን ሊሠራ ተፈጠረ? የመጽሐፉ ፒዲኤፍ እንደሆነ ቴሌግራም ላይ ቀድሞ ወጥቷል፤ በነጻ፣ ያለ አርማ፣ በየገጹ ጥግ የአንሺውን አውራ ጣት ይዞ።