መርዶ በቴሌግራም

ክፉ ወሬ በእኛ አገር የራሱ ሰዓት አለው፤ ከንጋቱ 11 እስከ 12። ማታ ከተነገረ ሌሊቱ አይገፋም፤ ረፍዶ ከተነገረ ደግሞ ሰውየው ታክሲ ተሳፍሯል፣ ሴትየዋ ገበያ ወጥታለች። ስለዚህ መርዶ ነጋሪዎች ጋቢና ነጠላቸውን ደርበው፣ አንድ አንጋፋ ሽማግሌ ከፊት አስቀድመው፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እያስጮሁ በር ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየ ሰው የሠርግ ጥሪ ይዘው መጡ ብሎ አይጠረጥርም። ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ለቅሶው ይጀመራል።

ለዚያች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር የሚደረገው ዝግጅት ግን ያስደንቃል። ከማታው ጉባኤ ይቀመጣል። ማን ይንገራት? ስኳር አለባት ወይ? መድኃኒቷን ሳትውጥ ይነገራት ወይስ ከዋጠች በኋላ? ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዙ ሁለት ጠንካራ ሴቶች በግራና በቀኝ ይመደባሉ። የእድሩ ጸሐፊ ሰምቷል፤ ድንኳኑ ተጭኖ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ጎረቤት ንፍሮውን ዘፍዝፏል። የማታውቀው ሐዘንተኛዋ ብቻ ናት። ይህን ያህል ምስጢር ጠባቂ የሆነ ሰፈር የእኔን የቤት ኪራይ ውዝፍ ግን አንድ ሌሊት እንኳ ደብቆልኝ አያውቅም።

ችግሩ፣ ከእኛ ቤተሰብ ውስጥ ደህና አድርጎ መዋሸት የሚችል ሰው አልተፈጠረም። ታላቅ ወንድሜ ለወትሮው የሚደውልልኝ መኪናው መንገድ ላይ ስትቆምበት ነው። ያ ሰው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደውሎ «ምሳ በላህ? ጤናህ እንዴት ነው? ለመሆኑ አሁን ብቻህን ነህ?» ካለኝ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጨርስ ጥቁሩን ሸሚዜን መፈለግ እጀምራለሁ። በስስቷ የምትታወቀው አክስቴ ደግሞ «እስቲ ዛሬ እኔ ቤት ምሳ እንብላ» ካለች ነገሩ አልቋል፤ የሚቀረው ማን እንደሆነ ማጣራት ነው።

የበሽታውም ወሬ የራሱ ልክ አለው። «ጉንፋን ቢጤ ነው» ከተባለ ሰውየው አልጋ ይዟል። «ትንሽ ደከም ብሏል» ከተባለ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለዋል። «ደህና ነው፣ ምንም አታስቡ» ከተባለ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ቲኬት ይቆርጣል። የምር ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ራሱ ደውሎ «ሞቼ ነው የተነሣሁት» ይላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችን። አንድ አጎታችን ባረፉ ጊዜ «ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ» ብለን ለወዳጆቿ አደራ ላክን። እዚያ ያሉ ሰዎች ደግሞ ባህሉን ከእኛ ይልቅ ያጠብቁታል። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ተጠራርተው፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ አንዷ የሆስፒታል ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ አንድ ቄስ ከፊት አስቀድመው ጎሕ ሲቀድ በሯ ላይ ደረሱ። እሷም በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አጮልቃ አየች። ሳትከፍት «እማዬን! እማዬን!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። «እናትሽ ደህና ናቸው፤ አጎትሽ ናቸው ያረፉት» እያሉ በተዘጋ በር ቢጮኹ አልሰማ አለች። በመጨረሻ ሲገባት «ተመስገን!» አለችና ከበፊቱ አብልጣ አለቀሰች። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ለፖሊስ ደወለ። ያን ዕለት የነበሩት ሁሉ «ይህች ልጅ አጎቷን እንዴት ብትወዳቸው ነው!» ብለው መሰከሩላት፤ ምስክርነቱም አዲስ አበባ ደረሰ። የሟቹ ልጆች እስከ ዛሬ ከሁላችን አብልጠው ይወዷታል። አጎታችንን በሕይወቷ ያየቻቸው በልጅነቷ፣ እሱም በአንድ ሠርግ ላይ ነው።

ሰዓቱ ራሱ ጣጣ ነው። እዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ በክረምታቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በበጋቸው 5 ሰዓት ነው፤ ያውም የትናንቱ ምሽት። እኛ ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን ንፍሮ ስንዘግን እነሱ ዘንድ ገና ነግቶ በር እየተንኳኳ ነው። አዲስ አበባ የተቀበረ ሰው አሜሪካ ውስጥ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው። የመርዶ ሥርዓት የወጣው ሁሉም ዘመድ በአንድ ዶሮ ጩኸት በሚነቃበት ዘመን ነበርና ይህን ማን ያስብ?

ድሮ ወሬ አድራሹ ይታወቅ ነበር። ለሰፈሩ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አለ። ራቅ ላለው ሬዲዮ አለ፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመንም ለሐዘን ማስታወቂያ ቦታ አልነፈገም። አሁን ብዙ እድሮች በስልክ አጭር መልእክት ይልካሉ። ጥሩምባ ነፊያችን ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ቀብር ለቀረ ሰው ቅጣቱ ግን አሁንም አለ። «ስልኬ ተዘግቶ ነበር» የሚለውን ምክንያት እድራችን እስካሁን ለማንም አልተቀበለም።

የእኛ ቤተሰብ ጥሩምባ ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑ የተከፈተው ለአንድ የአጎቴ ልጅ ሠርግ መዋጮ ለመሰብሰብ ነበር። ባልና ሚስቱ ከተፋቱ ቆይተዋል፤ ግሩፑ ግን ዛሬም ስሙ «የሠርግ ኮሚቴ» ነው። እናም መርዶ የሚደርሰን ከሠርግ ኮሚቴ ነው። ከላይ የአንዱ የምረቃ ፎቶ፣ ከሥሩ የአንዷ የቀዶ ሕክምና መዋጮ ከነባንክ ቁጥሩ፣ ከሥሩ ሻማና «ነፍስ ይማር»፣ ከሥሩ አክስቴ በየማለዳው የምትልከው ጽጌረዳና «መልካም ቀን»። ለምርቃቱ የተጻፈው «እንኳን ደስ አለህ» ዘግይቶ ገብቶ ከሻማው ሥር ያርፋል። ከሁሉ የሚብሱት የቤተሰባችን ታላቅ የሆኑት አጎቴ ናቸው። ያንን እንባው እስኪፈስ የሚስቀውን ቢጫ ፊት የሚያለቅስ ስለመሰላቸው፣ ሰው በሞተ ቁጥር አምስት ስድስቱን ደርድረው ይልካሉ። የሚያርማቸው አልተገኘም። ታላቅ ሰው አይታረማ።

ደስታውንም ቢሆን በወጉ አንናገርም። መጥፎውን የምንደብቀው ሰው እንዳይደነግጥ ነው፤ ደጉን የምንደብቀው ደግሞ ዓይን ፈርተን። የወንድሜ ልጅ ዲቪ ደርሶት፣ የጤና ምርመራውን ጨርሶ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ እኛ ነገሩን የሰማነው ሚዛን ሊዋስ ሲመጣ ነው። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ሽሮና በርበሬውን መመዘን ነበረበት። እናቱ ያን ሁሉ ወራት «ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ አትረብሹት» ስትለን ከርማለች። እርግዝናማ ጭራሽ አይነሣም። ስምንት ወር የሞላትን፣ ሆዷ ቀድሟት በር የሚገባውን ሴት «ትንሽ ወፈር አልሽ» ነው የምንላት።

ታዲያ ዳላስ ያለው የአያቴ የልጅ ልጅ በቪዲዮ ጠርቶን፣ ከሚስቱ ጋር ግቢው መሐል ቆሞ አንድ ነገር ሲያፈነዳ፣ ስክሪኑም በሰማያዊ ጭስ ሲሞላ ምን እንደተሰማን አስቡት። አያቴ «ውይ ልጄን! ቤቱ ተቃጠለ!» ብለው ብድግ አሉ። አረጋግተን አስቀመጥናቸው። የሚወለደው ወንድ መሆኑን ማብሠሪያ እንደሆነ አስረዳናቸው።

«ተወለደ?»

«ገና ነው፤ አራት ወሯ ነው።»

«ታዲያ ማን ነገራቸው?»

«ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ።»

«ገንፎውስ?»

«ገንፎ የለም እማማ፤ ኬክ ነው።»

ጥቂት አሰቡና ነጠላቸውን አጣፉ። «ማርያም ሳትምራት እኔ እልል አልልም» አሉ። እውነትም አላሉም። ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበ እሳቸው እንደ ዳኛ ዝም ብለው ተቀምጠው ጭሱ እስኪበተን ጠበቁ። ልጁ በሰላም የተወለደ ዕለት ግን ስልኩን ከአፋቸው ላይ ለጥፈው እልልታውን አቀለጡት። በእሳቸው አገር ለወንድ ሰባት ነው። አራተኛው ላይ ኔትዎርክ ተቋረጠ። ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ ስንል ከአንድ ጀመሩ፤ እንደገና ተቋረጠ፤ እንደገና ከአንድ። ጎረቤት መንታ ተወለደ ብሎ መጣ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉትን ቃል አራሷ በሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታ «ታኑርልኝ» ስትል፣ ያ ሁሉ ጭስና ጭብጨባ ያላመጣው እንባ መጣብን። አያቴ ትክክል ናቸው። እኔ ከጭሱ ይልቅ ዘግይቶ የመጣውን እልልታ እመርጣለሁ።

አሁን ደግሞ ሳቁን ትንሽ ልተወው።

የጎረቤታችን ልጅ ለሁለት ዓመት ኮንትራት ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ሄደች። ከሄደች ብዙም ሳትቆይ እናቷ ዐረፉ። ጉባኤው የተቀመጠው እኛ ቤት ነበር። ይነገራት እንዳይባል ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፤ ለቀብርም ለአርባም መምጣት አትችልም፤ በዚያ ላይ እጇን የሚይዛት አንድ ዘመድ የላትም። አይነገራት ተባለ፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲያ በኢሞ በደወለች ቁጥር ታናሽ እህቷ ትመልሳለች። «እማዬስ?» «ጸበል ሄዳለች።» በሚቀጥለው «ጉሮሮዋን አሟት ተኝታለች።» በሚቀጥለው ደግሞ «ሌላ ጸበል ሄዳለች።» ሴትየዋ በሞቱ በዓመታቸው ያልደረሱበት ጸበል የለም፤ በሕይወት እያሉ ከሰፈራችን ወጥተው የማያውቁት። ልጅቱ የመድኃኒት ብር ትልካለች፤ ወንድሟ አንዱን ሳይነካ በባንክ ያስቀምጥላታል። እሷም በበኩሏ «ምግቡ ጥሩ ነው፤ እመቤቲቱ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ትላለች። ኋላ እንደሰማነው የምትተኛው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ወገን በየሳምንቱ፣ ፊት ለፊት እየተያየ፣ እየሳቀ ይዋሽ ነበር።

ኮንትራቷ አልቆ የመጣች ዕለት ቦሌ የሄድነው ጥቁር ሳንለብስ፣ አበባ ይዘን ነው። ቤት ድንኳን ተጥሏል፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መኪናው ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ አዲሱ መንገድ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ልጅቱ በመስኮት እያየች ቆየችና፣ «እማዬ ሞታለች አይደል?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። «እማዬ እኮ ቀዝቃዛ ውሃ ትፈራለች። ጸበል ሄደች ስትሉኝ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅሁት። እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሊናገሩ ሲሉ እኛ በእጅ ምልክት አስቀመጥናቸው። ያን ዕለት ያለቀስነው ለሟቿ ብቻ አልነበረም። መርዶ በሰው ተከብቦ የሚነገረው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያለቅስ ነው። ይህች ልጅ ግን ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ብቻዋን ነው ያለቀሰችው። መደበቃችን አላዳናትም። ቤሩት እንኳ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰቡ ያገሯ ልጆች ነበሩ፤ በእነሱ በኩል ማስነገር ይቻል እንደነበር ያሰበ ጉባኤተኛ አልነበረም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የስልኩ ጥድፊያ አለ። ባለፈው አንድ የሩቅ ዘመዳችን የአንድ ሟች አስከሬን ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ፎቶውን ከነሻማው ለጠፈው። ቶሮንቶ ያለችው የሟቹ ልጅ በምሳ ሰዓቷ ስልኳን ስትከፍት ያየችው የአባቷን ፎቶ፣ ከሥሩም የማታውቃቸው ሰዎች የጻፉትን «ነፍስ ይማር» ነው። ለጣፊው ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኖ ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ገና ማን ይደውል እያሉ ሲመካከሩ ሻማው ቀድሟቸው ደረሰ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰው ሞት ስትሰሙ ሻማውን ከመለጠፋችሁ በፊት ልጆቹ፣ ወንድምና እህቶቹ ሁሉ መስማታቸውን ጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው ካጣችሁ ሠልስቱ እስኪወጣ ታገሡ። ሩቅ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ክፉ ቀን ሳይመጣ፣ ዛሬውኑ፣ እሱ ባለበት ከተማ በር የሚያንኳኳለት የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ያዙ።