በነጠላ ጫማ የተያዘ ወንበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት

ለውድ እህቴ፤

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው የእማዬን መነጽርና የልጆችሽን ጫማ ይዟል። «በቴሌግራም አትጽፍም ነበር?» እንዳትይኝ። የምነግርሽ ነገር ለጊዜው እማዬ ጆሮ ባይገባ ይሻላል። እሷ ደግሞ እንደምታውቂው የድምፅ መልእክት ሲመጣላት ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ ነው የምታዳምጠው። ያንቺም ስልክ ቢሆን እሷ እጅ ነው የሚውለው።

ነገሩ ይህ ነው። ዕቁቡ ደርሶኛል፤ እማዬ ስትመጣ በመርከብ ልናንሸራሽራት ቆርጠናል። ሻንጣዋን የምታሰናጂው አንቺ ስለሆንሽ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ካሁኑ ላስታውቅሽ ብዬ ነው። እኔ አምና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ። እማዬ ግን ከባሕር ዳር ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሻገር እንኳ ጀልባዋ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትደርሰው፤ ስለዚህ ወሬውን ቀስ እያልሽ አለማምጃት።

ቀኑን እኔና ባለቤቴ ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን ዘርግተን መረጥነው። በባሃማስ በኩል ያለው ባሕር የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። እማዬ ደግሞ ጾም ለማንም ብላ አትገድፍም፤ መርከብ ማለት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ምግብ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ የሰኔ ጾም ይገባል፣ አውሎ ነፋሱም በዚያው ሰሞን ይጀምራል። አባቶቻችን የባሃማስን ሰማይ ሳያዩ የመርከብ ወቅት ወስነውልናል። ስለዚህ በግንቦት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቪዛዋን አውጥተሽ እዪልኝ። «ኤም» የሚል ፊደል ካለበት ብዙ ጊዜ መግባት ትችላለች፤ «1» የሚል ቁጥር ካለበት ግን ዕቅዱ ፈረሰ። መርከቧ ባሃማስ ደርሳ ስትመለስ እማዬ አሜሪካ የምትገባው እንደ አዲስ ነው፤ አንዱን መግቢያ አስቀድማ ከተጠቀመችበት እኛ ባልቲሞር፣ እሷ ናሶ ልንቀር ነው። «እዚያው አሜሪካ ዳር ዳሩን ዞራችሁ አትመለሱም?» ትይኝ ይሆናል። እነዚህ መርከቦች አብዛኞቹ የሚመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ ወይም በሌላ አገር ባንዲራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ ደግሞ የውጭ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል፤ ስለዚህ መሐል ላይ የሰው አገር መርገጥ ግድ ነው። ያ ደግሞ ጣጣ አለው፤ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ ይጠብቃል። ትኬት ሊቆርጥ ሲል ነው ጠበቃው የደረሰበት፤ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይዙ ከአገር መውጣት ማመልከቻውን እንደ መተው ይቆጠራልና። የባሃማስን የመግቢያ ደንብ እኔ ከዚህ አጣርቼ እጨርሳለሁ።

የምንነሳው ከቤታችን በመኪና ብዙ ከማይርቀው ከባልቲሞር ወደብ ነው። መርከቧ ወደ ባሕር የምትወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 የጭነት መርከብ ገጭቶ የጣለው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በነበረበት በኩል ነው፤ ይህንን ለእማዬ አትንገሪያት። ከማያሚ የምትነሳ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የምትባል መርከብ አለች፤ ርዝመቷ 365 ሜትር፣ ገንዳዋ 7፣ ጢም ብላ ስትሞላ 7,600 ያህል መንገደኛ ትይዛለች፤ በመጠኗ ታይታኒክን ከአምስት እጥፍ በላይ ትበልጣለች። የእኛዋ ከዚያች ብዙ ታንሳለች። ቢሆንም የታይታኒክን ስም እማዬ ፊት አታንሺ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መርከብ ላይ ሰው የሚጣላው በገንዘብ አይደለም፣ በፖለቲካም አይደለም፤ በወንበር ነው። በገንዳው ዙሪያ ጋደም የሚባልባቸው ረጃጅም ወንበሮች ተደርድረዋል። መርከቧ ወደብ ሳትነካ ባሕር ላይ በምትውልበት ቀን ሁሉም እዚያው ይተማል፤ ወንበሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። እኔ በጠዋት ቡና ፍለጋ ስለምወጣ ነገሩን ከሥሩ ነው ያየሁት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ጎልማሳ በሌሊት ልብሱ ፎጣ ታቅፎ መጣ። ገንዳው አፋፍ ላይ ካለው ረድፍ ስድስት ወንበር መረጠ። አራቱ ላይ ፎጣ አነጠፈና ነፋስ እንዳይወስደው ጫፍ ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ አሲያዘው። ፎጣው አለቀበት። ቆም ብሎ አሰበና ነጠላ ጫማውን አወለቀ፤ የቀኙን አንዱ ወንበር ላይ፣ የግራውን ሌላው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በባዶ እግሩ ሊተኛ ተመለሰ። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ሁለቱ ጫማዎች ፀሐይ ሲሞቁ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

ኩባንያዎቹ ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። ብዙዎቹ ዘንድ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለቤቱ ብቅ ያላለበት ወንበር ይለቀቃል። አንዳንዶቹ ጋ ሠራተኛ እየዞረ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይለጥፋል፤ ጊዜው ሲያልፍ ዕቃው ተሰብስቦ ፎጣ መስጫው ጋ ይቀመጣል። ሕጉ ሲነበብ ደስ ይላል። የሚያስፈጽመው ግን ከኢንዶኔዥያ ወይም ከፊሊፒንስ ለብዙ ወር በኮንትራት የመጣ ልጅ ነው። ገቢው ጉርሻ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከጉርሻ ሰጪው ጋር ምን አጣላው? እያየ ያልፋል።

አንዱ ግን ደፈረ። አንዲት ሴትዮ ሐብሐብ የተቆለለበት ሳህን ይዛ ስትመጣ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ጋደም ብሏል። «አሁን እኮ ነው የተነሣሁት!» ብላ ጮኸች። ልጁ ፈገግታውን ሳያጠፋ ወረቀቱን አሳያት፤ የተጻፈው ሰዓት ካለፈ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወንበሩን ስትጠብቅላት የነበረችውን መጽሐፍ አምጥቶ ሰጣት። መጽሐፏ ከመደብር የወጣችበት ላስቲክ ገና አልተቀደደም። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዞሮ ሳቀ።

እንደኔ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። አልጋ ቆጥሮ የሸጠ ሰው ወንበሩንም አብሮ መቁጠር ነበረበት። እኛስ ብንሆን በዓል ቀን ለአያት ጋቢ አንጥፈን ቦታ ስንይዝ አይደለም እንዴ ያደግነው? የኔ ስጋት እማዬ ናት። እሷ ቦታ የምትይዘው ለራሷ አይደለም፤ ለማታውቀው ሰው ነው። አንዱ ወንበር ላይ ነጠላዋን፣ ሌላው ላይ ቦርሳዋን አድርጋ «የምትመጣ ሴትዮ አለች» ትላለች። የትኛዋ ሴትዮ ብትያት «አንዷ አትጠፋም» ነው መልሷ። ሠራተኛው ወረቀት ቢለጥፍባት ደግሞ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ትጀምረዋለች።

ስለዚህ ከዚያ ጦርነት አርቃታለሁ። ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሥር ያለው መተላለፊያ ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ ሙዚቃ የለውም፤ ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲሻማ እሱ ባዶውን ይውላል። ገንዳ ዳር ካስፈለጋትም መርከቧ ወደብ ስትቆም ሕዝቡ ተግተልትሎ ይወርዳል፤ ያን ቀን ቀድሞ መመለስ ነው። ከእራት በፊት ባለው ሰዓትም ሰዉ ልብስ ሊቀይር ሲገባ ወንበሩ ይለቀቃል።

ገንዳው ራሱ በወሬ የተጋነነ ነገር ነው። ጠባብ ነው፤ ባሕሩ ሲነሣ ውሃው ከዳር ዳር ይላጋል፣ ሲብስም በመረብ ይዘጉታል። ከመግባትሽ በፊት መታጠብ ደንብ ነው፣ ብርጭቆ ይዞ መግባት ነውር ነው፣ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ መክፈት ብዙ ቦታ ክልክል ነው። ዋና ጠባቂ የሌላቸው መርከቦች ብዙ ስለሆኑ ልጆቹን ዓይናችን ሥር ነው የምናደርጋቸው። የእኛ ትንሹ ገና ዳይፐር ስላልተወ ገንዳው አይፈቀድለትም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሳይነግር እየገባ የመርከቦቹን ንጽሕና ይፈትሻል፤ ከ100 ያርማል፣ 85 ያመጣም ወደቀ። እኛ በ50 ያለፍን ሰዎች መርከብ ብንሆን ኖሮ ከወደብ አንወጣም ነበር። ከገንዳው ጎን ደግሞ የሚፈላ የሚመስል ትንሽ ገንዳ አለ፤ እዚያ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች እንደ ምስር ወጥ ቀስ እያሉ ሲበስሉ ይውላሉ። እማዬ አጠገቡ እንዳትደርስ፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም።

በእጅ መታጠብ ግን ማንም አይደርስባትም። መርከብ ላይ የሚፈራው ሆድ የሚያፈርሰው ኖሮቫይረስ ነው፤ እሱን በር ላይ የሚሰጡት አልኮል ብዙም አይበግረውም፤ መድኃኒቱ ውሃና ሳሙና ነው። ሰዉ አልኮሏን ቀባ ቀባ አድርጎ ቡፌው ላይ ሲወርድ እሷ በሳሙና እስከ ክርኗ ስትታጠብ ይታየኛል።

አሁን ደግሞ የፈራሁት ነገር። ልብስ። ገንዳው አካባቢ ያለው ሰው፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ አለ የሚባል ልብስ የለበሰ አይደለም። እማዬ ተዘርፈው መስሏት ነጠላዋን ልታለብሳቸው ትችላለች። እንደዚያ የሚሆኑት ግን እዚያው ብቻ ነው፤ ወደ ምግቡ ሲገቡ ሸሚዝ ደረብ፣ ጫማ አጥለቅ ማድረግ አለባቸው። አንድ ምሽት ደግሞ ሁሉም ዘንጦ የሚቀርብበት እራት አለ። ለዚያ ጥበቡ ሰፋ ያለውን ቀሚሷን አስገቢላት። በደንብ ይታጠፍ፤ ካውያ መርከብ ላይ አይገባም።

ካውያ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማፍያ፣ ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ እሳት የሚነካው ነገር በሙሉ ይወሰድባታል። ጧፏንም ጀበናዋንም እኔ ቤት አኑራ ትሂድ። ቤት የተሠራ ምግብም አያስገቡም፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ከሱቅ እንደታሸገ ከሆነ ያልፋል። የክፍሉ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ እገዛለሁ፤ የእመቤታችንን ሥዕል ራስጌዋ ትሰቅልበታለች። ክፍሏን ከመርከቧ ወገብ፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ይዤላታለሁ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል እኔ ጋ አለ።

ሁለት ነገር ንገሪያት። አንዱ፣ ከመነሣታችን በፊት ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የመርከብ ጡሩምባ ብትሰማ እንዳትደነግጥ፤ ለአደጋ ጊዜ የሚደረግ ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣልያን ዳርቻ ላይ ስትገለበጥ 32 ሰው ካለቀ ወዲህ መርከብ ሳይነሣ እንዲደረግ ሆኗል። ምክንያቱን ዝለይው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ናሶ ስንወርድ ተመለሱ በተባለው ሰዓት ካልተመለስን መርከቧ ጥላን ትሄዳለች። «ትንሽ ይጠብቁናል» የሚባል ነገር የለም። የእማዬ የእጅ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ስለሚሄድ በዚያ እንዳትመራ፤ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።

ስለ ዋጋው ከጠየቀችሽ አላውቅም በይ። ከትኬቱ በላይ ለሠራተኞቹ ጉርሻ ብቻ በነፍስ ወከፍ በቀን ከ16 ዶላር በላይ ነው የሚቆረጠው። ወደ ብር ቀይራ ካሰበችው መርከቡ ላይ አትወጣም።

በይ እንግዲህ፣ ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የቪዛውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በዚህ ሳምንት ላኪልኝ፤ ቀሪውን ክፍያ የምከፍለው እሱን አይቼ ነው። ከፎቶው ሥር ምንም አትጻፊ። እማዬ ለምን እንደሆነ ከጠየቀችሽ ለኢንሹራንስ ነው በያት፤ ስለ ኢንሹራንስ ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

ወንድምሽ