የሙልሙል አሰጣጥ ሥርዓት፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ ደጃፎች የተገኘ ቅድመ ጥናት

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ሆያ ሆዬ ግን ከዋዜማውም ቀደም ብሎ በር ማንኳኳት ይጀምራል። የጅራፉ ጩኸት በደብረ ታቦር ለተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። እንጅባራ ነሐሴ ላይ የነጎድጓድ ምሳሌ አያስፈልጋትም፤ ዋናው በየማታው ይመጣል።

እንደ ወጉ ከሆነ በታቦር ተራራ ብርሃን በታየ ጊዜ እረኞቹ መምሸቱን ሳያውቁ ሜዳ ላይ ቆዩ፤ ቤተሰብም ችቦ አብርቶ ዳቦ ይዞላቸው ሄደ። የዛሬዎቹ ልጆች አሠራሩን አሻሽለውታል። ዳቦው እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ዳቦው ያለበት ድረስ ይሄዳሉ።

የቡድኑ አደረጃጀት ልዩ ትኩረት ይሻል። አውራጁ ድምፃም ነው፤ ተቀባዮቹ ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ «ሆ» ይላሉ። ገንዘብ ያዡ ግን አይዘፍንም። ዳር ቆሞ የሰጪውን እጅ ያያል። ብዙ መንግሥታት በሕገ መንግሥት ያላሳኩትን የሥልጣን ክፍፍል እነዚህ ልጆች ጭቃ ላይ ቆመው ይተገብሩታል።

አባወራው በበኩሉ መብራት ያጠፋል። ስልቱ በዳንግላም በእንጅባራም የተለመደ ሲሆን በሁለቱም አይሠራም፤ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ የቡናው ሽታ በቆርቆሮው አጥር ያልፋል። አውራጁ ይህን ሲያውቅ ውዳሴውን ይጨምራል። የሦስት ወር ኪራይ ያለበት ተከራይ የሰፊ ርስትና የፈረስ ባለቤት ተብሎ ይሞገሳል። ሌላ አገር ይህ ግነት ይባል ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በኖረበትና በየዓመቱ ጥር 23 ሜዳው በፈረስ በሚሞላበት አገር ግን፣ ግነት ነው ከማለት በፊት ጓሮውን ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ቅቤም ወተትም አልነካውም። ጉሮሮው እስኪዘጋ የዘፈነ ልጅ የሚጎርሰው የጾም ዳቦ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ሙልሙሉ ለብር ቦታ እየለቀቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ባለ 5 ብሩ እንዳለ ቀረ፤ አባወራውም ከሐምሌ ጀምሮ ጠርዙ የተበላውን፣ ታክሲ ረዳት የመለሰበትን 5 ብር ለይቶ ያስቀምጣል። ገንዘብ ያዡ ኖቱን ወደ ችቦው አስጠግቶ ይመረምረዋል። ቴሌብር በዚያው ዓመት ከመጣ ወዲህ «ዝርዝር የለኝም» ማለትም እንደ ድሮው አያስተማምንም፤ ልጆቹ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ያውቃሉ።

ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ በኦክቶበር ማብቂያ ጭምብል ያጠለቀ ልጅ ደጅ ቆሞ «ከረሜላ ወይስ ተንኮል?» ይላል፤ ይሰጠዋል፤ ይሄዳል። ዘፈን የለ፣ ምርቃት የለ። የእኛዎቹ ውዳሴውን በዱቤ ያቀርባሉ፤ ዛቻ የሚመጣው እምቢ ሲባል ብቻ ነው፣ እሱም ቤት መትቶ። ሰጪው ሲመረቅ የሰጠ ይመስለዋል። በእኛ እምነት ግን ያ ማታ ለከርሞ የሚጠቅም መዝገብ የሚሞላበት ነው፤ የትኛው በር ሳንቲም፣ የትኛው በር ውሻ እንዳለው የሰፈር ልጅ አይረሳም።

ከቡሄ 23 ቀን በኋላ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው፤ ልጃገረዶቹ አደይ አበባና ቄጤማ ይዘው እዚያው በር ይቆማሉ። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ልዩነቱ 24 ቀን ይሆናል። አንዳንድ አባወራዎች ጳጉሜን 6ን የሚወዷት ለዚህችው አንድ ቀን ነው።