በ«ለ» ነው የመጣሁት

ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሰልፉ እንደ እባብ ተጣጥፏል፤ እኔ ጅራቱ አካባቢ ነኝ። አውቶቡስ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም እኔ ጋ ሳይደርስ ሞልቶ ሄዷል። ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ወይ ይጸልያል፣ ወይ ስልኩን ይጎረጉራል። እኔ የቃል ዘር እቆጥራለሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ የያዘኝ በሽታ ነው፤ ጠበልም አላስለቀቀውም።

ያን ቀን የቆጠርኩት የአውቶቡስን ዘር ነበር። እንግሊዞች «ባስ» የሚሉት ቃል ራስም አንገትም የለውም፤ «ኦምኒቡስ» ከሚባል የላቲን ቃል ተቆርጦ የተረፈ ጭራ ነው። በላቲን «ኦምኒስ» ማለት «ሁሉ» ነው። «ለሁሉ» ለማለት ሲፈልጉ «ኦምኒቡስ» ይላሉ። እኛ «ለ»ን ከፊት እናስቀድማለን፣ እነሱ ከኋላ ያስከትላሉ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። እንግሊዞች ታዲያ ቃሉ ረዘመብን ብለው ሲያሳጥሩት «ሁሉ»ን መንገድ ላይ ጥለው «ለ»ን ብቻ ጭነው ሄዱ።

ይህ ሲመነዘር ባስ ማለት «ለ» ማለት ነው።

«በምን መጣህ?»

«በለ።»

«ለው አልሞላም ነበር?»

«ጢም ብሎ!»

«አውቶ» የሚለው ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ራሱ» ማለት። አውቶቡስ እንግዲህ «ራሱ ለ» ሊሆን ነው። ሚኒባስ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። «ሚኒ» ጥንት ከማነስ ጋር ዝምድና አልነበረውም። «ሚኒየም» የአውሮፓ ብራና ጸሐፊዎች ርእስና ሐረግ የሚያስጌጡበት ቀይ ቀለም ነበር። በብራና ላይ የሚሳለው ሥዕል በዚሁ ቀለም ስም «ሚኒያቸር» ተባለ፤ ሥዕሉ ትንሽ ስለሆነ ቃሉ እየተንሸራተተ «ትንሽ» ማለት ሆነ፤ በመጨረሻም ወገቡ ላይ ተቆርጦ «ሚኒ» ቀረ። ስለዚህ ሚኒባስ በአባት በእናቱ ሲጠራ «ቀይ ቀለም ለ» ነው። ያ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው የእኛ ታክሲ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? በዚህስ እኛ እንሻላለን። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥበትን መኪና «ውይይት» ብለን አረፍን። ላቲን የት ይደርሳል!

የ«ለሁሉ» ታሪክ ራሱ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1662 የሒሳብ ሊቁ ብሌዝ ፓስካል ፓሪስ ውስጥ በተወሰነ መስመርና በተወሰነ ዋጋ የሚመላለስ የሕዝብ ሠረገላ አስጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን የከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተራ ወታደርና ሎሌ እንዳይሳፈር ከለከለ። ለሁሉ ሳይሆን ለአንዳንድ ሆነ ማለት ነው፤ ውሎ አድሮም ቀረ።

ከዚያ በ1826 ስታኒስላስ ቦድሪ የሚባል ሰው ናንት ከተማ ዳር የእንፋሎት ወፍጮ ነበረው። ከወፍጮው የሚተርፈው ሙቅ ውኃ እንዳይባክን መታጠቢያ ቤት ከፈተ፤ ደንበኛ እንዲመጣለት ከመሐል ከተማ የሚያመላልስ ሠረገላ አሰማራ። ሕዝቡ ግን ተሳፍሮ ግማሽ መንገድ ላይ «ወራጅ አለ» ይል ጀመር። ገላውን ሊታጠብ የመጣ የለም፤ የሚፈልገው ሠረገላውን ነው! ቦድሪ ሞኝ አልነበረም፤ መታጠቢያውን ትቶ ትራንስፖርቱን ያዘ። «ኦምኒቡስ» የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ፣ እንደሚወራው ከሆነ፣ መነሻው ላይ ከነበረ ኦምኔስ ከሚባል ባርኔጣ ሻጭ ነው። ሰውየው በስሙ ተጫውቶ በሩ ላይ «ኦምኔስ ኦምኒቡስ» ብሎ ለጥፎ ነበር አሉ፤ «ሁሉ ለሁሉ» እንደማለት።

ለንደን በ1829 ተከተለች። ጆርጅ ሺሊቢር በሦስት ፈረስ የሚጎተት፣ 22 ሰው የሚይዝ «ኦምኒቡስ» አሰማራ። አንድ ሽልንግ ያስከፍል ስለነበር የቀን ሠራተኛው ቆሞ ያየው ነበር እንጂ አይሳፈርበትም። ተፎካካሪ በዛበትና ሺሊቢርም ከሰረ፤ ኋላ የቀብር ሠረገላ ሥራ ውስጥ ገባ። አስቡት፤ ለሁሉ የሆነውን መጓጓዣ ያኔ ነው ያገኘው!

ይህን ሁሉ ብቻዬን ይዤ መቆም አልቻልኩም። ከፊቴ ዘንቢል ይዘው ለቆሙት እናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ አዳመጡኝ።

«እና ሁሉ የሚለው ወደቀ?»

«አዎ እማማ፣ መንገድ ላይ ቀረ።»

«ለ ብቻ ሄደ?»

«ለ ብቻ።»

ወዲያው አውቶቡሱ መጣ። በሩ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ካፖርት ጫፍ ነክሷል። ትኬት ቆራጩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ይጮኻል፤ ማን ወዴት እንደሚጠጋ ግን አይናገርም። እማማ ዘንቢላቸውን አስቀድመው ራሳቸውን አስከተሉ። እኔም አንድ እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ በሩ አፍንጫዬ ሥር ተዘጋ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እማማ በሁለት ትከሻዎች መካከል ፊታቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉ።

«በል እንግዲህ፣ አቶ ሁሉ! ደህና ዋል!»